አቶ ዳምጤ ኤርሳዶ ያልተናዘዙት ኃጢአት

ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ዙሪያ፣ እንዲሁም ከሩቁ ከከምባታ ምድር መጥታችሁ በዚህ የቡና ማሳ ዳር የቆማችሁ ወገኖች፣ ጭቃው ሳይበግራችሁ፣ መንገዱ ሳያሰለቻችሁ ስለደረሳችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ይህን ዜና ሕይወት የማነበው እኔ ፋሂም ሳልህ የሟች የሥጋ ዘመድ አይደለሁም፤ በሃይማኖትም ለየቅል ነን። ልማዱ ከጉባኤያቸው ሽማግሌዎች አንዱ እንዲያነብ ነበር፤ ያ ለምን እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው ትሰሙታላችሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ልያ «አንተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠሃል፤ የምታውቀውን አንብብ፣ የማታውቀውን አትጨምር» ብለው ስላዘዙኝ፣ ትእዛዛቸውን ልፈጽም ቆሜአለሁ።

አቶ ዳምጤ ኤርሳዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሳዶ ላሬቦ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ታደለች ሎምበሞ በ1948 ዓ.ም. በዱራሜ አካባቢ ተወለዱ። የአባታቸው ማሳ ጠባብ፣ ወንድሞቻቸው ብዙ ስለነበሩ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እንደ ጨረሱ ለቡና ለቀማ ከሚሰማሩ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ወደ ሊሙ መጡ። በለቀማው ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ወደ ጅማ ተሻግረው ሂርማታ ከሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠሩ፤ የበርጩማ እግርና የወንበር መደገፊያ በቶርኖ እያዞሩ መቅረጽን የተማሩትም እዚያ ነው። የቀጠራቸው ሰው «ይህ የከምባታ ልጅ አፉ ዝግ ነው፣ እጁ ግን ይናገራል» ይል እንደነበር ከእሳቸው ሳይሆን ከሌሎች ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው የተነገረ ሙገሳ የሚያወሩ ሰው አልነበሩም።

በደርግ ዘመን የወንጌላውያን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ አቶ ዳምጤ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ የተከራዩአትን አንዲት ክፍል ለጸሎት ከፈቱ። ሰዎች አንድ በአንድ፣ አንዳንዱ ቡና ሊገዛ የመጣ መስሎ፣ አንዳንዱ በርጩማ ሊያሠራ የመጣ መስሎ ይገቡ ነበር። ከሚመጡት መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ከተያዙ እንጀራቸውን ብቻ ሳይሆን ሕይወታቸውንም ሊያጡ የሚችሉ አቶ አብተው የተባሉ ሰው ይገኙ ነበር። ስማቸውን አሁን የማነሣው ታሪኩ ያለ እሳቸው ስለማይሄድልኝ ነው።

በ1972 ዓ.ም. አንድ ጠቋሚ ተገኝቶ ክፍሏ ተከበበች፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ የነበሩት አቶ ዳምጤ ብቻ ነበሩ። በቀበሌ እስር ቤት «እዚህ ቤት ማን ማን ይመጣል?» ተብለው ሲጠየቁ «ቤቱ የኔ ነው፣ የምጸልየውም እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ዘቅዝቀው ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። «አብዮታዊነትህን ተናገርና ውጣ፤ ከሃይማኖቱ ወጥቻለሁ በልና ሂድ» ሲሏቸው «ያልወጣሁትን ወጣሁ አልልም» ብለው መለሱ። ከእስር የተፈቱት እግራቸው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው መሥራት አልቻሉም። ስም ስላልጠሩ ግን ከእሳቸው ጋር ይጸልዩ ከነበሩት አንድም ሰው አልታሰረም። አቶ አብተውም በሥራቸው ላይ እንደነበሩ ቆዩ፣ ደመወዛቸውም አደገ፣ ልጆቻቸውንም አስተማሩ።

በ1976 ዓ.ም. አቶ ዳምጤ እዚሁ ሊሙ ገነት ተወልደው ያደጉትን ወይዘሮ ልያን አገቡ። ጸሎት ቤቱ እንደተዘጋ ስለነበረ ሠርጉ የተደረገው በሙሽራዋ ወላጆች ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር፤ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ዘመሩት። ወይዘሮ ልያ ይህን ሲያወሩ «ያን ቀን የሰው ድምፅ ሳይሆን የሰው ትንፋሽ ነው የዘመረልን» ይላሉ። ሩሃማና ያቤፅ የተባሉ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

መንግሥት ተለውጦ ጸሎት ቤቶች በተከፈቱ ጊዜ የጉባኤያቸውን የመጀመሪያ አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት አቶ ዳምጤ ናቸው። ኩርሲ ላይ ተቀምጠው፣ እንጨቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነበር የሚሠሩት። ተቀጥረው የኖሩበት የእንጨት ሥራ ቤት ግን ቆሞ የሚሠራ ሰው ይፈልጋልና ብዙም ሳይቆይ «እግርህ አልቻለም» ብለው አሰናበቷቸው።

እኔም የመጣሁት በዚያ ወቅት ነው። በወጣትነቴ አሩሻ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄጄ የትምባሆ ፒፓ ራስ መቅረጽ ተምሬ ነበር። ራሱ የሚቀረጸው ፈረንጆች ሚርሻም ከሚሉት ነጭ ድንጋይ ነው፤ ርጥብ ሳለ እንደ ሳሙና ይቆረጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ከመቅለሉ የተነሣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። አጎቴ ድንጋዩን በሾፌሮች እጅ በሞያሌ በኩል ይልኩልኛል፣ እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ እቀርጻለሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ደግሞ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጣል። ችግሬ ዘንጉ ነበር። አፍ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ከራሱ ጋር በደንብ ካልተገጣጠመ ያ ሁሉ ቅርጽ ዋጋ የለውም፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ሰዎች ወደ አቶ ዳምጤ መሩኝ።

መጀመሪያ ላይ አመነቱ። «ትምባሆ አልነካም፣ ሰውም እንዲያጨስ አልረዳም» አሉኝ። ሳልጫናቸው ሄድኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሩሃማ ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ደርሶ ነበርና ራሳቸው እያነከሱ መጡ። «ተቀምጬ የምሠራው ሌላ ሥራ አጣሁ፤ ዕቃውን እሠራለሁ፣ የሚያጨሰው ሰው በራሱ ይጠየቅበት» አሉ። ያን ዕለት ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም። ይህ ሥራ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱበት እንደኖሩ አውቃለሁና፣ ዛሬ መልስ እንዳገኙለት አድርጌ አላወራም።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ከቄራ የመጣውን የበሬ ቀንድ ቀቅለው ያቃናሉ፤ ሲደርቅ በቶርኖ አሹለው መሃሉን በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሱታል፤ ከዚያም አንዱን ጫፍ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ወንዴ አድርገው ይሞርዱታል። ድንጋዩ ክፉ ነው፤ ወንዴው የፀጉር ያህል ከወፈረ ፒፓው ሲሞቅ ይሰነጥቀዋል፣ የፀጉር ያህል ከቀጠነ ደግሞ አየር ያሾልካል። ዘንጉ ጎበጥ ማለት ካለበት በቆርቆሮ ውስጥ በጋለ አሸዋ ቀብረው ያለዝቡትና በእጃቸው ያጎብጡታል። በመጨረሻም ትምባሆ ያልገባበትን፣ እሳት ያልነካውን ፒፓ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አየሩን ይስቡታል። ፉጨት ከሰሙ ነቅለው እንደገና ይሞርዱታል። ሳይስቡ መፈተን አይቻልም። አንድ ጊዜ ብዙ የደከምኩበትን፣ ፂማም ሽማግሌ የቀረጽኩበትን ራስ «ቀዳዳህ ጠሟል፣ እኔ በዘንግ አላቃናልህም» ብለው መልሰውልኝ ተጣልተናል። ግትር ነበሩ። ሙሾ እንዳይመስልብኝ ይህንንም እናገራለሁ፤ ከእሳቸው ጋር መሥራት አንዳንድ ቀን ከድንጋዩ ጋር ከመሥራት ይከብድ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. በበጋው ወራት፣ አቶ አብተው በዚያን ጊዜ የጉባኤው ዋና ሽማግሌ ሆነው ነበርና፣ የመስበኪያ አትሮኖስ ሊያሠሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። በሩ ክፍት ነበር። አቶ ዳምጤ ፒፓ አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይስቡ ነበር። ቤቱ ደግሞ ትምባሆ ይሸት ነበር፤ የሚሸተው የኔ ነው፣ እኔ አጫሽ ነኝ፣ ትናንትም አጭሻለሁ። አቶ አብተው ያዩት ነገር ውሸት አልነበረም፤ ያላዩትን ግን ጨመሩበት። ሰላምታ ሳይሰጡ ተመለሱ።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ ዳምጤ በሽማግሌዎቹ ፊት ተጠሩ። የሆነውን የነገሩኝ በማግሥቱ ቀንዱን እየሞረዱ፣ ቀና ሳይሉ ነው። «ወንድም ዳምጤ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ በጉባኤው ፊት ቆመህ አጭሻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ትላለህ፤ እኛም እናቅፍሃለን፣ በአንድ እሑድ ያልቃል» አሏቸው። እሳቸውም «ይህን ሥራ ተው ካላችሁኝ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት፤ እኔም ልቤ ሙሉ አይደለም። አጨስክ ካላችሁኝ ግን አላጨስኩም» አሉ። «በዐይናችን ያየነውን?» አሏቸው። «ያያችሁት ባዶ ፒፓ ነው» አሉ። ከመካከላቸው አንዱ «እሺ፣ ለሰላም ስትል በለው» ቢላቸው «ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ ብናዘዝ፣ እዚያው ቆሜ መዋሸቴ አይደለም ወይ? የዚያን ኑዛዜ ደግሞ መቼ ልናዘዝ ነው?» ብለው መለሱ። ያኔ ከጌታ እራትና ከአገልግሎት ሁሉ ታገዱ፤ እገዳውም እስኪናዘዙ ድረስ ሆነ።

እኔም ነገሩ ከነከነኝና ሽማግሌዎቹን ደጃቸው ድረስ ሄጄ «ወላሂ፣ የማጨሰው እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው አንድ ቀን እሳት ሲያስነካው አላየሁም» ብዬ መሰከርኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። ከዚያም «ፋሂም፣ ጎረቤትነትህን እናከብራለን፤ ይህ ግን የቤታችን ጉዳይ ነውና የውጭ ሰው ምስክርነት አንይዝም» አሉኝ። ከዚያ ግቢ ስወጣ በትሕትና የተነገረ ክፉ ቃል ከስድብ ይልቅ እንደሚቆይ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዐይኔ ያየሁት ነው። አቶ ዳምጤ እሑድ እሑድ ወይዘሮ ልያን እስከ ጉባኤው በር ያደርሳሉ፤ እሳቸው ይገባሉ፣ አቶ ዳምጤ ግን ከመንገዱ ማዶ ባለች ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መዝሙሩን ይሰማሉ። በክረምት ዝናቡ ከበረንዳው ጣሪያ እየተንጠባጠበ ትከሻቸውን ያበሰብሰው ነበር። ስብከቱ ሲያበቃ ሰው እየወጣ ወይዘሮ ልያን እየሳመ ያልፋል፤ እሳቸውን አይቶ የሚሻገር ጥቂት ነበር። ልጆች ሳሉ ጉልበታቸው ላይ ያሳደጓቸው ሰዎች ሳይቀሩ መንገዱን በሌላ በኩል ይይዙ ነበር።

በአንድ ወቅት ሥራውን ሊተዉ ወስነው ነበር። የጅማ ወንበር ነጋዴዎች ተቀምጦ የሚሠራ የማስዋብ ሥራ ሊሰጧቸው ተስማምተው ሳለ፣ በማግሥቱ ተመልሰው መጡና ቦታቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ምነው ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሄድክ አላልንም?» ብላቸው፣ «አሁን ብተወው አምኖ ተወ ይሉኛል» አሉኝ። ሥራውን እየጠሉ የቀጠሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያ ቦታ ምን እንዳስከፈላቸው ደግሞ እነግራችኋለሁ።

ልጃቸው ሩሃማ ጉባኤው ውስጥ የሚያገለግል ወጣት ወንጌላዊ ልታገባ በ2003 ዓ.ም. ቀን ተቆረጠ። የጉባኤው ደንብ በእገዳ ላይ ያለ ወላጅ ሙሽራ ይዞ ወደ መድረክ እንዲወጣ አይፈቅድም ተባለ። ሩሃማ ከሠርጉ በፊት ወደ ሥራ ቤታችን መጥታ እያለቀሰች «አባዬ፣ ለእኔ ብለህ አንድ ጊዜ አዎ ብትላቸው ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ» አለቻቸው። «ምኑን ነው የሚያውቀው?» አሏት። ዐይኗን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ፒፓ መለሰች። ያን ጊዜ ማጨሳቸውን እሷም እንደምታምን ተረዱ። ሞረዳቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ የማላደርገው ጥቂት ነው። የውሸታም ልጅ ግን አላደርግሽም» አሏት። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ይዘው የገቡት የወይዘሮ ልያ ወንድም ናቸው። አባትየው በአበባ ካጌጠችው መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጋር ተቀምጠው ውጭ ጠበቁ። ዝማሬው በድምፅ ማጉያ ከግቢው አልፎ መንገዱን ሞልቶት ነበር። እኔም ከመኪናዋ ጎን ቆሜ ነበር፤ «ደምቋል» አሉኝ።

ከሠርጉ በኋላ ሩሃማ ከባሏ ጋር ሐዋሳ ገብታ እዚያው ኖረች፣ ትደውል የነበረውም ለእናቷ ነው። ያቤፅ እዚያው ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተምሮ አጋሮ የኤሌክትሪክ ሥራ ያዘ። አባቱ ሥራ ቤታችን ደጃፍ ላይ እንኳ እንዲቆም አይፈቅዱለትም ነበርና፣ እሱ ጥላቻ መስሎት ለብዙ ጊዜ ቅር ብሎት እንደነበር ነግሮኛል። ጥላቻ አልነበረም። አቧራውን ስለሚፈሩ ነው።

እኔ ድንጋዩን ርጥብ ሳለ ስለምቀርጸው አቧራው አይነሣም። እሳቸው ግን ቀንዱንና አንዳንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጥቁር ጠንካራ ጎማ በደረቁ ሲሞርዱ፣ ቤቱ እንደ ዱቄት ባለ ነገር ይሞላ ነበር። አፍንጫቸውን በጨርቅ ያስሩ ነበር፤ ዘንጉን ለመሳብ ግን ጨርቁን ይፈቱታል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሳል ያዛቸው፣ ቀጥሎም ዳገት መውጣት አቃታቸው፣ በኋላ ደግሞ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሆስፒታል ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «አባባ፣ ስንት ዓመት አጨሱ?» የሚል ነበር። «አላጨስኩም» አሉ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፣ ሰው የምታዳምጥ ልጅ ነበረች፣ ሥራቸውን ጠይቃ ተረዳች። እኔም በጉጉት «እንግዲህ ከአቧራው ነው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሊሆን ይችላል። ከጭስም ሊሆን ይችላል። ሳንባው ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ ለይቶ አይነግረንም» አለችኝ። ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ያልሆነውን አልነገረችኝም። እኔ ግን የዚያን ቀን ያህል የሰውን ገላ ጠልቼ አላውቅም። ሳንባቸው እንኳ አልመሰከረላቸውም። በጉባኤው ዘንድ ደግሞ ወሬው ቶሎ ደረሰ፤ «ይኸው፣ ትምባሆው ገደለው» ተባለ። ትምባሆውን ያጨስኩት እኔ፣ ዕድሜዬ ሰባን አልፎ፣ ይኸው ዳገቱን ወጥቼ እያነበብኩላችሁ ነው።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ሕመማቸው በርትቶ ሆስፒታል ተኙ። ሩሃማም ከሐዋሳ መጥታ ከአልጋቸው ራስጌ ተቀመጠች። አቶ አብተው ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ሊጠይቋቸው መጡ፤ ጸለዩ፣ መዝሙርም አነበቡ፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ከዚያ አቶ አብተው ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው «ወንድም ዳምጤ፣ ጊዜው አጭር ነው። ቀብርህ በክብር እንዲሆን፣ ቤተሰብህም እንዳያፍር፣ የቀረችውን ነገር እንጨርስ። መናገር ካቃተህ ራስህን ብቻ ነቅንቅ» አሏቸው። አቶ ዳምጤ ብዙ ተመለከቷቸው። ከዚያ የኦክስጅኑን ጭንብል በገዛ እጃቸው ከፊታቸው አነሡና «አብተው፣ አንተ ታውቀኛለህ» አሉ። ራሳቸውን አልነቀነቁም። ወይዘሮ ልያ ጭንብሉን መልሰው አለበሷቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሩሃማ እናቷን ተከትላ ወጥታ «ምን ማለቱ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ስለ እስሩ ያውቁ ነበር፤ በዚያ እስር የማን ስም እንደተሸሸገ ግን አባታቸው አንድ ቀን ነግረዋቸው አያውቁም። ወይዘሮ ልያ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ነገሯት። ሩሃማም አቶ አብተውን በረንዳው ላይ ደርሳባቸው «እውነት ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም «ያ ጊዜ ሌላ ነበር፣ ልጄ» አሏት። ሩሃማ ወደ ክፍሉ ስትመለስ አባቷ እንቅልፍ ይሁን ሰመመን በማይታወቅ ሁኔታ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ይዛ ብዙ ነገር ተናገረቻቸው፤ ይስሙ አይስሙ የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አረፉ።

ከዚያ የሆነውን እዚህ መቃብር ዳር የቆማችሁበት ምክንያት እሱ ስለሆነ ልንገራችሁ። ከጉባኤው መልእክተኛ መጣ። ቦታ እንሰጣለን፣ መኪናም እናቀርባለን፣ ዜና ሕይወታቸውን ግን እኛ እናነባለን፤ በመጨረሻው ሰዓት በንስሐ ተመልሰዋል የሚል ይገባበታል፣ ለጉባኤው ሰላምና ለወጣቶቹ ትምህርት ይሆናል ተባለ። ያቤፅ ደክሞት ነበርና «እማዬ፣ ይቅርብን እንቀበለው፤ አባዬ አይሰማም» አላቸው። ልጁን አልፈርድበትም። ወይዘሮ ልያ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ለመልእክተኛው «ባሌ በሕይወቱ እንቢ ያለውን በሬሳው ላይ አዎ አላስብለውም። ሂድና እንዲህ አለች በል» አሉት። ከዚያ ወንድማቸው ይህን የማሳቸውን ዳር ሰጡ፣ የሂርማታ ዕድርተኞች ድንኳን ጫኑ፣ አስከሬኑም ከጅማ እስከዚህ ድረስ መጣ። ከጉባኤው ሰዎች አብራችሁን የመጣችሁ አላችሁ፤ አላህ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ያልመጡትንም አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

አቶ አብተው መጥተዋል። ከኋላ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ቆመዋል። እድሜያቸው ስለገፋ ወንበር ስጧቸው። የሚናገሩት ነገር ካላቸው ወይዘሮ ልያ እዚህ አሉ፣ ሩሃማ እዚህ አለች፤ ሰው ሳይበተን ይናገሩ። ከሌላቸውም ይቀመጡ።

አቶ ዳምጤ ኤርሳዶ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ልያን፣ ልጆቻቸውን ሩሃማንና ያቤፅን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ በዱራሜ የሚኖሩ ሁለት ወንድሞችን፣ ብዙ የወንድምና የእህት ልጆችን፣ እኔንም ወዳጃቸውን ትተው፣ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለወይዘሮ ልያ መጽናናትን፣ ለሩሃማ ከአባቷ ጋር ያልጨረሰችውን ነገር የምትሸከምበት ጉልበት፣ ለያቤፅ ትዕግሥትን እመኛለሁ።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ በዕረፍት ያኑራት። እኛን ግን ገና አያሳርፈን።